ራሳቸው የት ሄደ? ዜናው ወፍራም ሰውን እንዴት እንደሚያሳየን

ባለፈው እሑድ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ብርዱን ታውቁታላችሁ። በሩ ገርበብ ብሎ፣ ከሰሉ ተያይዞ፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሶ፣ ቴሌቪዥኑ ለራሱ ያወራል።

ዜናው ስለ ጤና ነበር። ስኳር በሽታ፣ ደም ግፊት፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት። አንባቢዋ ታነባለች፣ በድምጿ ላይ ደግሞ ምስል ያልፋል፤ የውጭ አገር መንገድ፣ የሚራመዱ ሰዎች። ሰዎች አልኩ እንጂ ሆዶች ናቸው። ከአንገት በታች፣ ከጉልበት በላይ። አንድ ቀይ ካናቴራ፣ አንድ የጠበበ ሱሪ፣ አንድ በርገር የያዘ እጅ። አክስቴ ሲኒያቸውን እንደያዙ ትኩር ብለው አዩና “ምነው ልጄ፣ ራሳቸው የት ሄደ?” አሉኝ።

ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። አክስቴ ሞላ ያሉ ሴት ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ። ትንሽ ቆዩና “እኔንም በመንገድ ሳልፍ እንዲህ ነው የሚያዩኝ ማለት ነው?” አሉ። ይቺ ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀችኝም፣ ስለዚህ ያገኘሁትን እዚህ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ነገሩ ስም አለው። ቻርሎት ኩፐር የምትባል እንግሊዛዊት ጸሐፊ፣ ራሷም ወፍራም የሆነች፣ እ.ኤ.አ. በ2007 እነዚህን ምስሎች “ራስ አልባ ወፍራሞች” ብላ ጠራቻቸው። ነጥቧ ቀላል ነው። ራሱ የተቆረጠ ሰው አፍ የለውም፣ ዓይን የለውም፣ ሐሳብ የለውም። ስለ እሱ ይወራል እንጂ እሱ አያወራም። አክስቴ በአንድ ሲኒ ቡና ውስጥ ያዩት ይኸው ነው፤ እሳቸው ግን ኩፐርን አያውቋትም።

ከዚያ ሰዎች ቁጭ ብለው ቆጠሩት። አሜሪካ ውስጥ ሬቤካ ፑል የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ፣ ያኔ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሥር በነበረው፣ ምግብንና ውፍረትን በሚያጠናው የረድ ማዕከል ሆነው፣ ትልልቅ የዜና ድረ ገጾች ስለ ውፍረት ሲጽፉ የሚለጥፏቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አዩ። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ጥናት ወፍራም ሰዎች ከሚታዩባቸው ፎቶዎች 72 በመቶው ሰውን የሚያሳንስ ነበር። ራስ የሌለው፣ ሆድ ብቻ የሚታይበት፣ ሲበላ የተያዘ፣ ከጀርባ የተነሳ። ቀጭን ሰዎች በዚያው ዜና ላይ ሲታዩ ግን ፊት አላቸው፣ ልብሳቸው የደንቡ ነው፣ ሲራመዱ ወይም ሲሠሩ ነው የሚታዩት። ሁለት ዓመት ቆይተው ቪዲዮዎቹን አዩ። ወፍራም ከሆኑ አዋቂዎች 65 በመቶው፣ ከልጆችና ከወጣቶች ደግሞ 77 በመቶው በዚህ ዓይነት መንገድ ነው የቀረቡት። ልጆቹ ላይ ይብሳል። ይህን ሳነብ ትንሽ ቆም ብያለሁ።

ለጋዜጠኞቹም ልሟገትላቸው እንጂ። ተንኮል አይደለም፣ አብዛኛው ጊዜ። የጤና ዜና ሁለት ደቂቃ ይሰጠዋል። ሁለት ደቂቃ ሙሉ አንባቢዋን ብቻ ማሳየት አይቻልም፣ ስለዚህ ምስል ይፈለጋል። ምስል ማኅደር ውስጥ “ውፍረት” ብለህ ስትፈልግ የሚወጣው ያ ከጀርባ የተቀረጸ መንገድ ነው፤ አምና የታየው፣ ካቻምናም የታየው። ራሱን የሚቆርጡት ደግሞ ለክብሩ ብለው ነው። ፈቃድ አልጠየቁትማ! ፊቱን ካሳዩ ይከሳቸዋል፣ ወይ ያፍራል ብለው ያስባሉ።

እስቲ ግን አስቡት። እኛ አገር ዜና ላይ ፊቱ የሚሸፈነው ማን ነው? ተጠርጣሪ ነው። ወይ ክፉ ነገር የደረሰበት፣ ስሙ እንዳይታወቅ የሚፈልግ ሰው ነው። ፊት ሲደበቅ ተመልካቹ “እዚህ ውስጥ ወንጀል አለ ወይም ነውር አለ” ብሎ ይረዳል፣ ማንም ሳይነግረው። ቀይ ካናቴራ የለበሰው ሰውዬ የሠራው ወንጀል መንገድ ላይ መሄድ ነው። ደግሞ ራሱን ብትቆርጠው እሱ ራሱን አያውቅም እንዴ? ካናቴራው የራሱ ነው፣ አረማመዱ የራሱ ነው። ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ዜና ሲያይ የራሱን ሆድ ያያል።

እዚህ ላይ ከእኛ በላይ ሊገባው የሚችል ያለ አይመስለኝም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም የረሃቡን ዘገባ አስተላለፈ። ዘጋቢው ማይክል በርክ፣ ካሜራ የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን። ያ ዘገባ ዓለምን አንቀሳቅሷል፣ ብዙ ነፍስም አትርፏል፣ ያንን መካድ አይቻልም። ግን ከዚያ በኋላ ለስንት ዓመት ኢትዮጵያዊ ማለት የጎድን አጥንት ሆነ? ስም የሌለው፣ ንግግር የሌለው፣ ዝንብ የወረረው ፊት። እዚህ ሰሜን ሸዋም በዚያ ዓመት የተራበ ብዙ ነበር፤ ይፋትን የሚያውቅ ያውቀዋል። ውጭ አገር የኖረ ዘመድ ያለው ሰው ይጠይቅ፤ “ከየት ነህ?” ሲባል “ከኢትዮጵያ” ብሎ ከዚያ የሚመጣውን ፊት ማየት ምን እንደሚመስል ይነግራችኋል። የከሳው ገላ ያኔ ማስረጃ ነበር። የወፈረው ገላ ዛሬ ማስረጃ ነው። ልዩነቱ፣ ለከሳው ይታዘንለታል፣ የወፈረው ይፈረድበታል።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። አቢጌል ሳጋይ የምትባል የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ሰው አለች። ከባልደረባዋ ጋር በ2010 (እ.ኤ.አ. ነው) ባወጣችው ጥናት የአሜሪካ ጋዜጦች ራሳቸውን በምግብ እጦት ስለሚጎዱ ቀጫጭን ልጆች ሲጽፉና ስለ ወፍራሞች ሲጽፉ እንዴት እንደሚለያዩ አየች። የመጀመሪያዎቹ ተጎጂ ናቸው፤ ባህሉ ነው፣ ዘሩ ነው፣ ጭንቀቱ ነው ይባልላቸዋል። ሁለተኞቹ ግን በልተው ነው። አለቀ። ከዚያ በፊት በ2008 ደግሞ ሳይንሳዊ ጽሑፎቹንና ከእነሱ ተነሥተው የተሠሩትን ዜናዎች ጎን ለጎን አስቀምጣ ነበር። ዜናው ከሳይንሱ በላይ ያስፈራራል፣ ከሳይንሱ በላይ ግለሰቡን ይወቅሳል። ማለትም ተመራማሪው አምስት ምክንያት ይጽፋል፣ ዜናው ላይ ሲደርስ አንዱ ብቻ ይተርፋል፦ ሰውዬው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? አንደኛው ምክንያት የዜና አሠራር ነው። ሻንቶ ኢየንጋር የሚባል የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ ድህነት ዜናዎች ያሳየው ነገር አለ። አንድን ችግር በአንድ ሰው ታሪክ ስታሳየው ተመልካቹ ጥፋቱን ለዚያ ሰው ይሰጣል። ችግሩን ሰፋ አድርገህ፣ ከነሥራ ማጣቱ ከነዋጋው ስታሳየው ግን ጥፋቱን ወደ መንግሥትና ወደ ማኅበረሰቡ ያዞራል። ታሪኩ በርኅራኄ ቢነገር እንኳ! ስለዚህ “አቶ እገሌ 40 ኪሎ ቀነሱ፣ ምስጢሩን ይነግሩናል” የሚለው ፕሮግራም፣ ደግ ቢመስልም፣ ሳይናገር የሚናገረው አለ። እሱ ከቻለ አንተ ምን ሆነህ ነው?

ሁለተኛው ቃል ነው። “ወረርሽኝ”፣ “ጦርነት”፣ “የጊዜ ቦምብ”። እውነቱን ለመናገር ወረርሽኝ የሚለውን ጋዜጠኞች ከኪሳቸው አላመጡትም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1997 ባለሙያዎች ሰብስቦ በዚያ ስም ጠርቶታል። ቁጥሩም ያስደነግጣል፤ በ2022 በዓለም ላይ ከ8 ሰው አንዱ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበረበት። ግን ወረርሽኝ ሲባል ሰው የሚሸሸው ምንን ነው? የታመመውን ሰው ነው። ጦርነት ሲባልስ ጠላቱ ማን ሊሆን ነው? ስብ ብቻውን መንገድ ላይ አይሄድም፣ ሰው ነው ይዞት የሚሄደው።

አማርኛችን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሆድ የሚለውን ቃል ተመልከቱት። ትዕግሥተኛውን ሰው “ሆደ ሰፊ” እንለዋለን፣ ምስጢር የምንይዘው በሆዳችን ነው፣ ስናዝን ሆዳችን ይባባል። ከዚያው ቃል “ሆዳም” ይወጣል፣ “ሆድ አደር” ይወጣል። ሆድ አደር ማለት አገሩን የሸጠ ነው እንግዲህ፣ ከዚህ የከፋ ስድብ የት አለ። የጋዜጣ ካርቱን ላይ ጉቦኛው ባለሥልጣን ምን ዓይነት ነው? ሁልጊዜ ቦርጫም ነው። ቀጭን ሌባ በካርቱን አይቼ አላውቅም፤ በአካል ግን ስንት አለ! ስለዚህ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የጤና ዜና “አብዝቶ መመገብ” ብሎ ሲጀምር እኛ ጋ ሲደርስ ጤና አይደለም የሚሰማን፣ ምግባር ነው። ዘጋቢው ስለ ካሎሪ ያወራል፣ እኛ ስለ ስግብግብነት እንሰማለን።

እሺ፣ ታዲያ ውፍረት ከምን ይመጣል? ከምግብና ከመቀመጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳይንቲስቶቹ እስካሁን ሥራ ፈት በሆኑ ነበር። በመንታዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች በሰዎች መካከል ያለው የክብደት ልዩነት ከ40 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው በዘር የሚወረስ እንደሆነ ያሳያሉ። ከሁሉ የምወዳት ግን የዴንማርኳ ጥናት ናት፣ እ.ኤ.አ. የ1986ቷ። በማደጎ ያደጉ ልጆችን አዋቂ ከሆኑ በኋላ አዩአቸው። ክብደታቸው የሚመስለው ያሳደጓቸውን ነው ወይስ የወለዷቸውን? የወለዷቸውን። በአንድ ማዕድ የበሉትን ሳይሆን አይተዋቸው የማያውቋቸውን ሰዎች ነው የመሰሉት።

እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ የጄፍሪ ፍሪድማን ቤተ ሙከራ ኒውዮርክ ላይ ሌፕቲን የሚባለውን ሆርሞን አገኘ። የሚሠራው ስቡ ራሱ ነው። ደም ውስጥ ገብቶ ለአንጎል “ስንቅ አለን፣ አትጨነቅ” ይለዋል። ሰው ሲከሳ ሌፕቲኑ ይቀንሳል፣ አንጎልም ረሃብ መጣ ብሎ ይደነግጣል፤ የምግብ ፍላጎትን ከፍ ያደርጋል፣ ሰውነት የሚያቃጥለውን ይቆጥባል። ስለዚህ ከስቶ ተመልሶ የወፈረ ሰው ልፍስፍስ አይደለም። ገላው ለክፉ ቀን እንደተሠራ ጎተራ ነው፣ ሲጎድል ካልሞላ አያርፍም። የመንዝ ገበሬ ይህን ለማስረዳት ሌፕቲን አያስፈልገውም።

ሌላም አለ። አንዳንድ መድኃኒቶች ያወፍራሉ፤ ስቴሮይድ፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶች፣ ኢንሱሊንም ጭምር። እኛ አገር ሴቶች ከሁሉ በላይ የሚጠቀሙት የወሊድ መከላከያ መርፌ ነው፤ ሦስት ወር የሚቆየው መርፌ ከክብደት መጨመር ጋር እንደሚያያዝ የታወቀ ነው። በዚህ የወፈረች ሴት ቴሌቪዥኑ የሌላ ሰው ሆድ እንደ ራሷ ሆድ አድርጎ ሲያሳያትና ከሥሩ “የአመጋገብ ሥርዓት” ሲል ምን እንደሚሰማት መገመት ነው። እንቅልፍ ማጣት አለ፣ ጭንቀት አለ። ደግሞ ኑሮው ራሱ ተለውጧል። እናቴ ውኃ ከወንዝ ቀድታ፣ ገብስ ወቅጣ፣ ገበያ በእግሯ ደርሳ ነው ያደገችው። እኔ ባጃጅ ነኝ፣ ወንበር ነኝ፣ ስልክ ነኝ። ሱቁ ደጅ ላይ ብስኩቱና ለስላሳው ተደርድሯል፤ ጎመኑን ለማግኘት ነው ቀን መጠበቅ ያለብኝ።

ውፍረት ምንም ጉዳት የለውም እያልኩ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ። ከልክ ሲያልፍ ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለልብና ለአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ያጋልጣል። ይህ የተረጋገጠ ነው። ግን ዜናው ላይ የምትሰሙት “ቢኤምአይ” የሚባለው ቁጥር እንኳ ዜናው እንደሚያቀርበው ፍርድ አይደለም። ክብደትን በኪሎ ወስደህ ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ታካፍላለህ። 25 ሲደርስ ከሚገባው በላይ፣ 30 ሲደርስ ከልክ ያለፈ ይባላል። 1 ሜትር ከ65 የሆነች ሴት 82 ኪሎ ላይ እዚያ ትደርሳለች። ቀመሩን ያወጣው ኬትሌ የሚባል የቤልጅግ የሥነ ፈለክና የሒሳብ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ፤ ሐኪም አልነበረም፣ የሚፈልገውም አማካዩን ሰው ማግኘት ነበር። የዛሬውን ስም ያገኘው በ1972 ከአሜሪካዊው አንሰል ኪስ ነው። ሕዝብን ለመቁጠር ይጠቅማል። አንድን ሰው ለመመርመር ብቻውን እንደማይበቃ በ2025 መጀመሪያ ላንሴት የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድንም ተናግሯል፤ የወገብ ልክ ይታይ፣ የአካል ክፍሎቹ መጎዳት አለመጎዳታቸው ይታይ ብሏል።

አሁን ዋናው። “ትንሽ ቢያፍሩ ምናለ? ሲያፍሩ ይቀንሳሉ” የሚል ሰው አለ። እውነት ለመናገር እኔም በልቤ እንዲህ ብዬ አውቃለሁ። ተሞክሯል። ብሬንዳ ሜጀር የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ጥናት ሴቶችን ሁለት ቦታ ከፍላ ዜና አስነበበቻቸው። ግማሾቹ ወፍራም ሰዎች ሥራ እንዴት እንደሚከለከሉ፣ ግማሾቹ ስለ ሲጋራ ተመሳሳይ ነገር። ከዚያ መክሰስ ቀረበላቸው። ራሳቸውን ወፍራም ነኝ ብለው ከሚያስቡት መካከል የውፍረቱን ዜና ያነበቡት የሲጋራውን ካነበቡት የበለጠ በሉ፤ አመጋገቤን እቆጣጠራለሁ የሚለው እምነታቸውም ወረደ። አንድ ዜና ነው፣ አንድ ጊዜ።

ከዚያ በፊት በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ከ6,000 በላይ አሜሪካውያንን ለአራት ዓመት ተከታትሎ ነበር። በክብደታቸው ተንቀናል ያሉት፣ መጀመሪያ ላይ ከልክ በላይ ካልወፈሩት መካከል ማለቴ ነው፣ በአራት ዓመቱ ከልክ በላይ የመወፈር ዕድላቸው ካልተናቁት ሁለት ተኩል እጥፍ ነበር። ማለት ንቀቱ አላከሳም። ፎቶዎቹም እንዲሁ ናቸው፤ ፑልና ባልደረቦቿ ተመሳሳይ ዜና በተለያየ ፎቶ አቅርበው ያዩት ይህንን ነው። አሳናሹን ፎቶ ያዩ ሰዎች ከዚያ በኋላ ለወፍራሞች ያላቸው አመለካከት ጨከነ።

ይህ ታሪክ ለእኛ አዲስ መሆን አልነበረበትም። የኤችአይቪን ዘመን እናስታውስ እንጂ። ያኔ ፖስተሩ ላይ የሚሣለው አጥንቱ የወጣ፣ አልጋ ላይ የተጋደመ ሰው ነበር። ሰው እንዲፈራ ነው፣ ለበጎ ነው። የሆነው ምንድን ነው? የከሳ ሁሉ ተጠረጠረ። ሰው እንዳይከሳ ፈራ፣ ለመመርመርም ፈራ። “መገለልና አድልዎ” የሚለውን ቃል ያን ጊዜ ነው ሁላችንም የተማርነው፤ ጋዜጠኞቹም ቀስ እያሉ ነው ምስሉንና ቃሉን የቀየሩት። አሁን ያው ቃል ለወፍራም ሰው ሲነገር ቅንጦት ይመስለናል።

ቅንጦት የሚመስለን ደግሞ ምክንያት አለው። እኛ ጋ ውፍረት ሙገሳ ነበር። ከአዲስ አበባ ለበዓል ስገባ ገና ከመናኸሪያ ሳልወጣ “ምነው ከሳሽ? ምን ነካሽ?” ነው። የሞላች ሴት “ወዝ አላት”፣ “ተመችቷታል” ትባላለች። ብዙ ቤት ውስጥ አሁንም እንዲሁ ነው፤ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች ቀጭን ነበሩ፣ 8 በመቶው ብቻ ከሚገባው በላይ። አየር ላይ የሚውለው ዜና ግን የተቀረጸው ቁጥሩ የተገላቢጦሽ በሆነበት አገር ነው። ምስሉን ብቻ አይደለም የምናስመጣው፣ አብሮት የሚመጣውን ዓይን ጭምር ነው።

ይህ ዓይን በስንት ጊዜ ይገባል? ፊጂ ላይ ታይቷል። ፊጂ የፓስፊክ ውቅያኖስ የደሴቶች አገር ነው፣ ሞላ ያለ ገላ የሚወደድበት፣ “ከሳሽ” ማለት ሐዘኔታ የሆነበት፣ እንደኛው። ናድሮጋ በሚባለው አካባቢ ቴሌቪዥን የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። አን ቤከር የምትባል የሃርቫርድ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት በዚያው ዓመት የተማሪ ሴቶችን አመጋገብ ጠየቀች፣ በ1998 ደግሞ ተመልሳ ጠየቀች። ክብደት ለመቀነስ ብላ የምታስመልስ ልጅ መጀመሪያ አንድም አልነበረችም። ከሦስት ዓመት በኋላ 11.3 በመቶ። የምግብ መታወክ ምልክት የታየባቸው ከ12.7 ወደ 29.2 በመቶ ሄዱ። ሦስት ዓመት፣ ያውም በቴሌቪዥን ብቻ። ቲክቶክ የለ፣ ቴሌግራም የለ።

ዛሬ ደግሞ ዜናው ሳያልቅ ማስታወቂያው ይከተላል። “ቦርጭ በ15 ቀን ደህና ሰንብት!” ሻዩ፣ ቀበቶው፣ ዱቄቱ። ምስሉ ያው ነው፤ ከአንገት በታች፣ በፊትና በኋላ። ዜናው ያሳፍራል፣ ማስታወቂያው የኀፍረቱን መድኃኒት ይሸጣል። አንዲት የሠፈራችን ልጅ ከእንዲህ ዓይነት ሻይ ገዝታ ሁለት ሳምንት በተቅማጥ ስትሰቃይ አይቻለሁ። ውስጡ ምን እንዳለ የሚናገር ጽሑፍ ሣጥኑ ላይ አልነበረም።

ታዲያ በደንብ የተሠራ ዘገባ ምን ይመስላል? ያን ያህል ከባድ አይደለም። ፈቃድ የሰጠ ሰው ፊቱ ይታይ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ሲያደርስ፣ ገበያ ሲውል፣ ሥራው ላይ። የረድ ማዕከልም የዓለም የውፍረት ፌዴሬሽንም እንዲህ ዓይነት ፎቶዎችን ለጋዜጠኞች በነፃ አዘጋጅተው አስቀምጠዋል፤ ጥቁር ሰው፣ አፍሪካዊ መልክ እንደልብ አታገኙም ይሆናል እንጂ አሉ። ካልተገኘ የዘይቱን ጀሪካን አሳዩ፣ የደም ግፊት መለኪያውን አሳዩ፣ ገበያውን አሳዩ። “ወፍራሞች” ከሚል “ውፍረት ያለባቸው ሰዎች” ማለት ይቻላል፤ ወይ ሰውየውን ራሱን ምን ልበልህ ብሎ መጠየቅ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ ባለሙያዎች በጋራ ባወጡት መግለጫ ውፍረት የፈቃድና የቁርጠኝነት ጉዳይ ነው የሚለው አባባል ከሳይንሱ ጋር እንደሚጋጭ በግልጽ ጽፈው ለሚዲያውም ጥሪ አድርገዋል። እና አንድ ጥያቄ ብቻ ብትጨመር፣ ስለ ሰውየው ከተጠየቀ በኋላ፦ ዘይቱንና ስኳሩን ማን ነው የሚያስገባው፣ ጎመኑ ለምን ተወደደ? ይቺን ጥያቄ በጤና ዜና ላይ ስትጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ኑሮ ውድነት ሲዘገብ ትጠየቃለች፣ ግን እዚያ ደግሞ ጤና አይነሳም።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ከዚያ እሑድ በኋላ ነው ያወቅኩት፤ ለካ ግፊታቸውን ከተለኩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ባለፈው የሄዱበት ቦታ ገና ሳይቀመጡ “እርሶማ መጀመሪያ ይቀንሱ” ተብለው፣ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አይቷቸው፣ ሳይለኩ ወጡ። ለማንም አልተናገሩም። “ምን ብዬ ልናገር? ያለውን ነው ያሉኝ” አሉኝ። ሁለት ዓመት!

ረቡዕ ይዣቸው ሄድኩ፣ ሌላ ቦታ። ነርሷ ልጅ ናት፣ ትሑት። “እትዬ፣ ክንድዎን እዚህ ያሳርፉ” ብላ መለኪያውን ጠመጠመች፤ አልደርስ አለ። ጨርቁ ለቀጭን ክንድ የተሠራ ነው። ጠባብ መለኪያ በወፍራም ክንድ ላይ ሲታሰር ግፊቱን ካለው በላይ ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ይህንንም ያን ቀን ከእሷ ነው የተማርኩት። አስገድዳ አልለካችም። “ትልቁ ጨርቅ ወዲያኛው ክፍል ነው ያለው፣ ላምጣ” ብላ ወጣች። አክስቴ እጅጌያቸውን እንደጠቀለሉ ቁጭ ብለው በሩን ያያሉ። እኔም አያለሁ።